እጃቸው የማይወርደው ጋሼ ሜንግ

ስብሰባ በተባለ ነገር ሁሉ፣ የሕንፃ ነዋሪዎች ይሁን የዓሣ ነጋዴዎች፣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቶ የሁለተኛውን እጅጌ ሲያሳድድ፣ ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ እንደ ባንዲራ የምትወጣ እጅ አለች። ያቺ እጅ ያልወጣችበት ስብሰባ በታሪክ የለም። ካለም ስብሰባ ሳይሆን ቀብር ነበር፤ ቀብሩም ያጠራጥራል።

በሞክፖ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ሽቅብ ባለችው ቀበሌ፣ የዚያች እጅ ባለቤት የተከበሩ አቶ ሜንግ ቹንሲክ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ለዓሣ ጀልባዎች በረዶ በሚያመርት ፋብሪካ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለው፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የወገብ ሕመም ተሸልመው ጡረታ ወጥተዋል። ሰደርያቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ አንዱ አይጽፍም፣ እሱ ለማዕረግ ነው። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ።»

ትንሽም፣ አንዲትም፣ ብቻም ሆና አታውቅም።

እትዬ ፒዮ ማልሱን እኚህን ሰው መጥላት የጀመሩበትን ሰዓት በደቂቃ ያውቁታል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ፣ የኮርሱ የመጀመሪያ ማክሰኞ።

እትዬ ማልሱን በገበያው አርባ ዓመት ደረቅ ዓሣ ሸጠዋል። ምላሳቸው ከቢላዋቸው ይስላል ይባልላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ ሱቁን ከለቀቁ ሁለት። አንድ ልጃቸው ኪሁን ከሚስቱ ጋር ኢንቾን ከተማ ይኖራል። ቀበሌው «የዕለት ተዕለት ደስታ» የሚባል የአሥር ሳምንት ኮርስ መክፈቱን የሰማችው ምራታቸው ናት፤ ከዚያው ከኢንቾን ሆና በስልኳ አስመዘገበቻቸው።

«ደስታ በኮርስ?» አሉ እትዬ ማልሱን። «እኔ ሲከፋኝ አንድ ሰው እሰድባለሁ፤ ይለቀኛል። ለዚህ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?»

ሄዱ ግን። የሄዱት ለደስታው ሳይሆን ለምሳው ነው። ከቀበሌው ምድር ቤት ለአዛውንት በርካሽ የሚያበላ ክበብ አለ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይወጣል። ክበቡ የሚከፈተው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የደስታ ኮርስም የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ችግሩ፣ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሚሰጠው የብሩሽ ጽሕፈት ኮርስም የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። የብሩሽ ጽሕፈት ሰዎች ጥያቄ የላቸውም። ጻፉ፣ ደረቀ፣ ወጡ። ቀድሞ የወረደ ዓሣውን ይበላል፤ ዘግይቶ የወረደ ዓሣው ዋኝቶ የሄደበትን ውኃ ይጠጣል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ አስተማሪዋ ዳኦን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላትና ድምፅዋ ሕፃን የሚያስተኛ ልጅ፣ አተነፋፈስ አስተማረች። እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ መሳብ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ በአፍ ማስወጣት። አሥራ ስድስት አዛውንት ሳቡ፣ አስወጡ፤ ክፍሉ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ተነፈሰ። ዳኦን ደስ ብሏት፣ የሕይወቷን ትልቅ ስሕተት ሠራች።

«ጥያቄ ያለው አለ?»

እጅ ወጣች።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ» አሉ ጋሼ ሜንግ ተነሥተው። «ያስገባነው አራት ነው። ያስወጣነው ስድስት ነው። ሁለቱ ከየት መጡ?»

ዳኦን ሳቀች። ጋሼ ሜንግ አልሳቁም። በበረዶ ፋብሪካ የገባው ውኃና የወጣው በረዶ ካልተመጣጠነ፣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። «ሃያ ጊዜ ብንደጋግመው አርባ ጎደለብን ማለት ነው። መምህርት፣ ይህ ነገር ደስታ ነው ወይስ መሞቻችን?»

ዳኦን ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ሞከረች። በመስታወቱ በር በኩል የብሩሽ ጽሕፈት ሰዎች በሰልፍ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ ይታዩ ነበር። ከእትዬ ማልሱን ጎን የሚቀመጡት የላውንደሪ ቤቷ እትዬ ኩክጃ፣ ለጥንቃቄ ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ስበው አራት ብቻ ማስወጣት ጀመሩ።

ሁለተኛው ሳምንት የምስጋና ደብተር ታደለ። በየቀኑ ያመሰገናችሁበትን ሦስት ነገር ጻፉ ተባለ። እጅ ወጣች።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ። በአንድ ቀን አራት ቢያጋጥመኝ፣ አራተኛውን ለነገ ማሳደር ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ጋሼ» አለች ዳኦን።

«ስንት ቀን ሳይበላሽ ይቆያል?»

ሦስተኛው ሳምንት አንድ አንድ የደረቀ ወይን ፍሬ ታደለና፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እያጣጣማችሁ ብሉት ተባለ። ጋሼ ሜንግ ፍሬው ታጥቦ እንደሆነ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው የጥርሱን ጣዕም ከፍሬው ጣዕም እንዴት እንደሚለይ፣ እንደዚሁም ዓሣ በዚህ ፍጥነት ቢበላ አጥንቱ የት ደርሶ እንደሚገኝ ጠየቁ። ዓሣ የሚለው ቃል ሲጠራ የአሥራ አምስት ሰው ሆድ በአንድነት ጮኸ።

የአራተኛው ሳምንት ግን ባሰ። ዳኦን «አሁን ራሳችሁን እቀፉ» አለች። ሁሉም ክንዳቸውን አጣምረው ራሳቸውን አቀፉ።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ብቻ። የትኛው እጅ ነው ከላይ?»

«የተመቸዎት፣ ጋሼ።»

«የተመቸኝማ ግራው ነው። ግን ግራው የልብ ወገን ነው። ግራው ከላይ ከሆነ፣ ልብ ነው የሚያቅፈው ወይስ የሚታቀፈው?»

ዳኦን መልሱን ስትፈልግ አዛውንቱ ክንዳቸውን ይፍቱ አይፍቱ የነገራቸው አልነበረም። አሥራ ስድስቱም በብርድ ቀን አውቶቡስ ያመለጣቸው መንገደኞች መስለው፣ ራሳቸውን እንዳቀፉ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ከውጭ አንድ የብሩሽ ጽሕፈት ሰው ቆም ብሎ አያቸውና እጁን አወዛወዘላቸው። እትዬ ማልሱን የቻሉትን ያህል ችለው ነበር።

«ጋሼ ሜንግ!» አሉ፣ እንደታቀፉ። «እርስዎ በእናትዎ ማሕፀን ሳሉም ‹መውጫው በየት ነው?› ብለው ጠይቀው፣ መልሱን ሲጠብቁ ነው አሥር ወር የቆዩት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሜንግ በመገረም ዞሩ።

«ማን ነገረዎት? እውነትም ዘግይቼ ነው የተወለድኩት» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ስድብን እንደ መረጃ የሚቀበል ሰው ምን ይደረጋል? እትዬ ማልሱን በአርባ ዓመት የገበያ ሕይወታቸው እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟቸው አያውቅም። ያን ቀን ውኃውን ሲጠጡ ሾርባው ውስጥ አንድ ቅርፊት አገኙ፤ እሱንም ለእትዬ ኩክጃ አሳዩዋቸው።

በስድስተኛው ሳምንት ነው ነገር የተለወጠው። እትዬ ማልሱን የዓመት ምርመራ አድርገው ነበርና፣ አንገትዎ ላይ የታየ ነገር አለ ተብለው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። ናሙና ተወሰደ። በቀጠሮው ሐኪም ፊት ቀረቡ። ሐኪሙ ወጣት፣ ጨዋና ችኩል ነበር፤ ፊቱ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ጀርባው ግማሽ በግማሽ ወደ እሳቸው። ሦስት ደቂቃ ተናገረ። እትዬ ማልሱን ከንግግሩ «እብጠት»፣ «ናሙና»፣ ከዚያም «ቀዶ ጥገና» የሚሉትን ለቀሙ። የቀረው ቃል ሁሉ እንደ ዝናብ ጣሪያው ላይ ወረደ።

«ጥያቄ አለዎት?» አለ ሐኪሙ።

ሦስት ጅምላ ነጋዴ በአንድ ጊዜ አፍ ያስያዙት እትዬ ማልሱን፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣

«የለኝም፣ ዶክተር። አመሰግናለሁ» አሉ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

ልጃቸው ደወለ።

«እማ፣ ምን አሉሽ?»

«ደህና ነው አሉ።»

«ምኑ ነው ደህና?»

«ሁሉም።»

«ቀዶ ጥገና አለ?»

«አለ መሰለኝ።»

«እና ምኑ ነው ደህና?!»

ስልኩን ዘጉበት። እጃቸው ላይ የቀረችው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀርበው የቀዶ ጥገናውን ቀን እንዲቆርጡ የምትል ወረቀት ናት። ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበቧት። ያ የሚፈሩት ቃል አልተጻፈባትም። አለመጻፉ መልካም ይሁን ክፉ የሚነግራቸው አልነበረም።

በቀጣዩ ማክሰኞ የምስጋና ደብተራቸውን ከፍተው «አንድ፦ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ» ብለው ጻፉ። ሁለተኛውን አጡት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ያቺ እጅ እንደ ልማዷ ከኋላ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ማልሱን የግድግዳውን ሰዓት አላዩም፤ ያቺን እጅ አዩ። ቆዳዋ በበረዶ የተላጠ፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀ፣ ሰው ሁሉ እየተቆጣ እያየ የማታፍር እጅ።

ከምድር ቤቱ ወረፋ መጨረሻ ላይ፣ ሰሃናቸውን ይዘው፣ ጠጋ አሉ።

«ጋሼ ሜንግ፣ የፊታችን ሐሙስ ምን ሥራ አለዎት?»

ጋሼ ሜንግ ዞረው ኋላቸውን አዩ።

«እኔን ነው?»

«ሌላ ሜንግ አለ እንዴ?»

ሰው ጥያቄ ከጠየቃቸው ብዙ ዘመን ሆኖ ነበርና፣ መልስ መስጠት ጨነቃቸው። «ሐሙስ… ሐሙስ ምንም የለኝም። ዓርብም የለኝም» አሉ።

እትዬ ማልሱን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን ነገሯቸው። «እዚያ ሰውዬ ፊት ስቀመጥ ምላሴ ይታሰራል። የእርስዎን ደግሞ የሚያስር ጠፍቶ አገር ተቸግሯል። አብረን እንሂድ። ‹ጥያቄ አለ?› ሲል እጅዎን ብቻ ያውጡልኝ።»

ጋሼ ሜንግ ያልለመዱትን አደረጉ። ምንም ሳይጠይቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። በአዲስ ደብተር ላይ፣ በቀይ እየተሰመረባቸው፣ አሥራ አራት ጥያቄዎች ተጽፈው ነበር። ነርሷ በር ላይ አስቆመቻቸው።

«ለታማሚዋ ምናቸው ነዎት፣ አባቴ?»

«የክፍል ጓደኛ።»

ነርሷ ሽበታቸውን አየች። «የምን ክፍል?»

«የደስታ» አሉ እትዬ ማልሱን፣ ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ፊት ይዘው።

ሐኪሙ እንደ ባለፈው ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ ነበር። «ያው ባለፈው የነገርኩዎት ነው። ዛሬ ቀኑን እንቁረጥ። ጥያቄ አለ?»

እትዬ ማልሱን እጃቸውን አጣጥፈው ወደ ቀኛቸው ዞሩ። የጋሼ ሜንግ እጅ ጉልበታቸው ላይ ነበረች። አልተነሣችም። ጣቶቿ ሱሪውን ጨብጠዋል። ሐኪሙ ዞሮ አያቸው። ጋሼ ሜንግ ብድግ አሉ፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው፣

«የለም! ገብቶናል!» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ የእትዬ ማልሱን ምላስ ተፈታ።

«ምኑ ነው የገባን? ኧረ ምኑ ነው የገባን? አሥራ አራት ጥያቄ ተሸክሞ ‹ገብቶናል›! በወይን ፍሬ ሲሆን አፍ አለዎት! እኔ ልሞት ነው ወይስ አልሞትም ሲሆን ‹ገብቶናል›! የእርስዎን ዝምታ ሰባት ሳምንት ስመኘው ከርሜ፣ ዛሬ ይምጣ?»

ጋሼ ሜንግ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ክራቫታቸውን ፈቱ።

«ሥራ አስኪያጃችን በየሰኞው ጠዋት ይሰበስበን ነበር» አሉ። «መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ አለ?› ይለናል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹የለም፣ ገብቶናል› አልኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ወይዘሮ ማልሱን? አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ፈረቃዬ ለምን እንደተቀየረ አልገባኝም። እድገቱ ለምን እንደዘለለኝ አልገባኝም። ጡረታ ስወጣም ‹ጥያቄ አለህ?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ዳኦን ስለማትቆጣ ነው እሷን የምጠይቃት። ነጭ የለበሰ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ግን… ሰኞ ይሆንብኛል።»

እትዬ ማልሱን ሦስት ጥሩ ጥሩ ስድቦች አዘጋጅተው ነበር። የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ሲመርጡ ንዴታቸው በረደ። ፈሪ እንደሆኑ ሊነግሯቸው አስበው፣ ራሳቸውም ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው መውጣታቸው ትዝ አላቸው። አርባ ዓመት በሱቅ ሲጮኹ የኖሩት ለካ የሚፈሩት ሰው ዓሣ ሊገዛ ስላልመጣ ነው።

«ያምጡ ደብተሩን» አሉ።

ነጥቀው፣ ሳያንኳኩ በሩን ከፈቱ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ግማሽ አውልቀው ነበር።

«ይቅርታ አባቴ፣ ወረፋዬ አላለቀም። ዶክተር፣ ጥያቄ አለኝ!»

ድምፃቸው የገበያው ድምፅ ነበር። ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የዓሣ ዋጋ የተጠራ መስሎት ቀና አለ። እትዬ ማልሱን መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«አንድ። ይህ ነገር ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? በአንድ ቃል ይመለስ።»

«ነው» አለ ሐኪሙ።

እትዬ ማልሱን ደብተሩን ሊዘጉት ነበር። ግን ቀጣዩ መስመር እዚያው ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ ይነበባል።

«ሁለት። ይፈጥናል ይዘገያል?»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊት አያቸው። «ይዘገያል። ከካንሰር ሁሉ ቀርፋፋ ከሚባሉት ነው። የእርስዎ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሽንብራ እንኳ አያክልም።»

«ሦስት። ቢወጣ ምን ይሆናል? ባይወጣስ?»

«ማውጣት ይቻላል። ሳይነኩት በየስድስት ወሩ እያዩ መጠበቅም ይቻላል፤ እየጠበቀ በሰላም የሚኖር ብዙ ሰው አለ። ባለፈው ሁለቱንም ነግሬዎት፣ የቱን ይመርጣሉ ስልዎት ‹እሺ› አሉኝ።»

«‹እሺ› የትኛው ነው?»

ሐኪሙ ጆሮው ቀላ። «እሱን አልጠየቅሁም። ቀዶ ጥገናው መሰለኝ።»

«አዩ!» አሉ እትዬ ማልሱን። «ለካ እርስዎም ጥያቄ አለብዎት።»

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን መልሰው እየቆለፉ፣ በጉጉት ወንበር ሳቡ። ጥያቄዎቹ ቀጠሉ። ሁሉም የበሰሉ አልነበሩም። ሰባተኛው «ማሽኑ የተሠራው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ይላል። ዘጠነኛው «ዶክተሩ ምሳ በልተዋል ወይ?» ይላል።

«አልበላሁም» አለ ሐኪሙ፣ ድንገት የሰው ልጅ መስሎ።

አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ እትዬ ማልሱን በዚያው ድምፅ ጀመሩት፤ መሐሉ ላይ ድምፃቸው ወረደ።

«አሥራ አራት። ታማሚዋ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ማን ይጠይቃቸዋል?»

ሐኪሙ ወደ በሩ አየ። «እሱን እንኳ እኔ አልመልሰውም» አለ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በክፍተቱ የጋሼ ሜንግ ግማሽ ፊት ይታያል። ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«ቅዳሜ ይመቸኛል» አሉ ለጣሪያው።

እትዬ ማልሱን መጠበቁን መረጡ። ለኪሁን ደውለው ቃሉን ራሳቸው ተናገሩት፤ ከዚያም ሽንብራ እንደማያክል፣ ቀርፋፋ እንደሆነ፣ ማሽኑም የአምስት ዓመት ዕድሜ እንዳለው አስረዱት። ልጁ አለቀሰ። «አታልቅስ፣ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ» አሉት።

ቅዳሜ ጋሼ ሜንግ አንድ ካርቶን የአኩሪ አተር ወተት ተሸክመው በር ላይ ቆሙ።

«ምን ሊያደርጉ መጡ? አልተኛሁም እኮ!» አሉ እትዬ ማልሱን።

«ታመዋል፤ ሕመሙ ቀርፋፋ ነው እንጂ» አሉ ጋሼ ሜንግ ጫማቸውን እያወለቁ። «እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጠይቅዎት።»

ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ማቀዝቀዣው ለምን እንደሚጮኽ ጠየቁ፤ ከፍተው አዩት፤ ሲዘጉት ይብስ ጮኸ። ደረቅ ዓሣ ሲሰጣ ሆዱ ወደ ፀሐይ ነው ወይስ ጀርባው ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ እትዬ ማልሱንን በአርባ ዓመት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና፣ መልሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ከመግባታቸው እስከ መውጣታቸው ሰደቧቸው። ሲሄዱ እትዬ ማልሱንን ቀለል አላቸው። በቀጣዩ ቅዳሜም መጡ፤ በቀጣዩም።

በአሥረኛው ማክሰኞ ቀበሌው የግምገማ ቅጽ በተነ። «ከዚህ ኮርስ ምን አገኙ?» ይላል። እትዬ ኩክጃ ስለ አተነፋፈሱ ሙሉ ገጽ ጻፉ። ጋሼ ሜንግ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቁ። እትዬ ማልሱን መጻፍ አይወዱምና፣ በባዶው መስመር ላይ ሁለት ቃል አሰፈሩ፦ «አንድ ጠያቂ።»

የቀበሌው ጸሐፊ ከሰዓት በኋላ ቅጾቹን ሲለይ አነበበው። ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀና «ቅሬታ» ከሚለው ክምር ላይ አኖረው፤ ስለዚሁ ሰውዬ የተጻፉ ሌሎች አሥራ አንድ ወረቀቶች እዚያ ነበሩ።